ላንተ ያልደወልኩት ስልክ

ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? መሪ ላይ መዋል ያመጣብህ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ እትዬስ ደህና ናት? ልጆቹስ? እማዬ ጉልበቷ በረታላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌ ደህና ነው። ልቤን ከጠየቅከኝ ግን ሌላ ነው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንደምትል አውቃለሁ። ጽፌ በፎቶ የምልክልህ፣ በስልክ ስናወራ ስለምትስቅ ነው። አንተ ስትስቅ ወኔዬ ይከዳኛል። አሁን ግን ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

ሥራዬን ታውቃለህ፤ መኪና ሻጭ ድርጅት ውስጥ ተቀምጬ ለደንበኞች መደወል ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ የምደውለው ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆኗል። ፋብሪካው የአንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ እሳት ሊያስነሣ ይችላል ብሎ መኪኖቹን መልሱልኝ ብሏል። እና ለማላውቀው ሰው ሁሉ እየደወልኩ፣ «መኪናዎን ከቤት አርቀው ደጅ ያቁሙ፤ ባትሪውን እስከ ጫፍ አይሙሉት» እላለሁ። አንዳንዱ ያመሰግነኛል፣ አንዳንዱ እናቴን ጭምር አንሥቶ ይሰድበኛል። ብቻ ሰውየው «ሰምቻለሁ» ሳይል ስልኩን መዝጋት አይፈቀድልኝም።

ጋሼ፣ መኪናዋ ያንተው ዓይነት ናት። የተሠራችበት ዓመትም ያው ነው።

የሰማሁ ዕለት ደውዬልህ ነበር። አንተ ግን «የነዳጅ ሰልፍ ከረሳሁ ቆየሁ፣ እህቴ ተባረኪ» አልከኝ። «ያቺን ጢሳም የቤንዚን መኪናህን ሽጥና ይህችን ግዛ» ብዬ የጨቀጨቅኩህ እኔ ነኝ። እትዬ ያገለገለ መኪና ከሩቅ አይገዛም ስትል አፏን ያስዘጋኋትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ዋሸሁህ፤ «ባትሪዋ ነፋስ ስለሚወድ ውጭ አሳድራት» አልኩህ። «ሙሽራ ናት በይኛ!» ብለህ ቀለድክብኝ፣ ግን እሺ አልክ። ትናንት እትዬ በወሬ መሃል፣ ሌባ ስለበዛ ከልጆቹ መኝታ ጎን፣ ከጣሪያው ሥር አስገብታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ እንደምታደርጓት ነገረችኝ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ወጪውንም አልደብቅህም። ድርጅቱ ባትሪ በነጻ የሚቀይረው ራሱ ለሸጣቸው መኪኖች ነው። ያንተዋ በሦስተኛ እጅ ድንበር የተሻገረች ናት፤ መዝገቡ ላይ የለችም። የሌላ ደንበኛ ጉዳይ አስመስዬ አለቃዬን ብጠይቀው፣ ሻዩን እየጠጣ «ያ እኛን አያገባንም» አለኝ። በራሳችን እንቀይር ብንል ደግሞ ባትሪው ብቻውን የመኪናዋን ዋጋ ሊያህል ምንም አይቀረው። እንጀራችሁ በእሷ ላይ መሆኑን አጥቼው አይደለም። የሻንሲ ቁጥሯን ጠቅሼ ለፋብሪካው አቤት ብያለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም።

«ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ?» ትለኝ ይሆናል። ለባዕድ ስነግር ውዬ ላንተ ዝም ያልኩት ልጆችህን ጠልቼ አይደለም፤ ብልጧ እህትህ መባሉን ስለወደድኩት ነው። አፈርኩ፣ ጋሼ።

እትዬን ይቅርታ በልልኝ፤ ልክ ነበረች። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፣ ነገሩን ግን አለዝበህ ንገራት። ድምቡሼን ጉንጯን፣ ወሬኛውን ግንባሩን ሳምልኝ፤ አልጋቸውንም ዛሬውኑ ወደ አያታቸው ክፍል አዙሩት።

አሁን እንደ ሥራዬ ልንገርህ። መኪናህን ዛሬውኑ ከቤት አርቀህ ደጅ አቁማት፤ ባትሪዋን እስከ ጫፍ አትሙላት፤ ሰው ተኝቶም ቻርጅ አታድርጋት። ሌባ ከወሰዳት ይውሰዳት። ስድቡንም ቁጣውንም በኋላ እቀበላለሁ። መጀመሪያ ግን «ሰምቻለሁ» በለኝ፤ እስክትለኝ ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ታናሽ እህትህ

ከተከራየኋት ክፍል፣
እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን