ለሰርጉ የምትሆን ትንሽ ጥይት

ሐሙስ፣ ጥር 14

ይቺም ተጨማድዳ ወጣች። አረሯን፣ የጥይቷን ራስ፣ ከፎርማው ላላቅቅ ስል ተለጥፋ ቀረች፤ በሚስማር ስጎረጉራት ጎኗ ተቦጨቀ። መልሼ ማቅለጫው ውስጥ ጣልኳት። ዕድሜ ልኬን ራዲያተር ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንዲት የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል የእርሳስ ቁራጭ ትጫወትብኝ?

ለምን እዚህ ጣጣ ውስጥ እንደገባሁ ልጻፈው። ልጄ ሰብለ የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ትዳራለች። ሰርጉ አባቴ ግቢ ነው፣ ከዋጃ ወዲህ ካለው እርሻ። አባባ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ውጅግራው፣ ያ አሮጌ ጠመንጃቸው፣ ካልጮኸ ሰርግ አይባልም ባይ ናቸው። ለእኔም ተኩሰዋል፣ ለእህቶቼም ተኩሰዋል። “ዝም ብለን ሬሳ ነው እንዴ የምናወጣው?” አሉ ባለፈው። ካልተተኮሰ ሰርጉን ሌላ ቦታ ፈልጉለት ብለው ቁርጡን ነግረውናል።

ሰብለ ደግሞ ጥይት ከተተኮሰ ከጓዳ አልወጣም አለች። ቀልዷን አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ከእናቷ ጋር አልጋ ሥር የከረመች ልጅ ናት። ዛሬም ጎረቤቴ ሰይድ፣ ጎሚስታው፣ ጎማ ሲፈነዳበት እሷ በምትሠራበት ፋርማሲ ውስጥ ደንበኛ ፊት ቁጭ ትላለች። አያትና የልጅ ልጅ፣ ግትርነታቸው አንድ ነው።

የእኔ ስጋት ደግሞ ሌላ ነው፤ የአባባ ትከሻ። አጥንትና ቆዳ ብቻ ቀርቷል። ያ ውጅግራ እንደ በቅሎ ይራገጣል። እኔ ራሴ በጎልማሳነቴ አንዴ ተኩሼበት ክንዴን ይዤ ሰንብቻለሁ። ይህን ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

እና አሰብኩ። የጥይቱን ጉልበት ብቀንሰውስ? ባሩዱ ያነሰ፣ አረሩ ለስለስ ያለ እርሳስ፤ ድምፁም ትንሽ፣ ርግጫውም ትንሽ። ይቻላል? አላውቅም። ማወቅ ግን አማረኝ። ጠመንጃውን ለሰርጉ እወለውለዋለሁ ብዬ ከአሮጌ ጥይቶቹ ጋር ከአባባ አምጥቼዋለሁ፤ ፈቃድ አለው፤ ቀበሌም ከከተማ ውጭ፣ ወደ ገደል እስከሆነ ድረስ ሚሊሻው ባለበት ተኩሱ ብሎናል።

ዓርብ፣ ጥር 15

ስቄ ሞትኩ።

ሰይድ ከቸርኬ ላይ እየነቀለ የሰጠኝን የጎማ ሚዛን እርሳስ ሁሉ በሙከራ አበላሸሁት። ባለቤቴ ደስታ የሰርጉን ጥሪ ለማድረስ ጎብዬ ሄዳ ነበር። ደወልኩላትና “ስትመጪ እርሳስ ይዘሽልኝ ነይ፣ በዛ ያለ” አልኳት። ምን ዓይነት ብላ ስትጠይቀኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ማታ አንድ ፓኮ የተማሪ እርሳስ ይዛ መጣች። ከነመቅረጫው።

“የተጋባዥ ስም ልትጽፍ መስሎኝ ነው” አለች። ሰይድ ፓኮውን አይቶ፣ “ወላሂ ላጲስም ያስፈልገዋል፣ ዒላማውን ሲስት ያጠፋበታል” አለ። እሷ ተቀየመች፤ እኛ ደግሞ ሳቃችንን ማቆም አቃተን።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። ደስታ ንዴቷን ለመወጣት ይመስለኛል፣ አንዱን እርሳስ ቀርጻ የሰብለን የሰርግ ሻንጣ ዚፕ ትቀባው ጀመር። ያ ዚፕ ሦስት ሰው ስቦት እምቢ ያለ ነው። ተንሸራተተ። እኔ ቆሜ አየሁ። ለዚፕ ከሆነ ለፎርማ ለምን አይሆንም?

የእርሳሱን ጥቁር እምብርት አውጥቼ ወቀጥኩት፤ በብሩሽ የፎርማውን ውስጥ ቀባሁት። ከዚያ አሞቅሁትና በቀረችው ጥቂት ቅላጭ ሞከርኩ። ፎርማውን ስከፍተው አረሯ ራሷ ዱብ አለች። ለስላሳ፣ የምታብረቀርቅ፣ አንድ መጨማደድ የሌለባት። ደስታን ጠርቼ አሳየኋት። “እና ማነው የተሳሳተው?” አለች።

የሚጻፍበትን እንጨትና ይህን ከባድ ብረት በአንድ ስም የጠራው ሰው ምን አስቦ ይሆን? ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ሰይድ ሌላ የጎማ ሚዛን አመጣልኝ። አረሩ አሁን ችግር አይደለም። የዛሬው ፈተና ባሩዱ ነው።

ባሩዱን ያገኘሁት አባባ ካስቀመጧቸው አሮጌ ጥይቶች ነው። ምን ያህሉን እንዳስቀረሁ እዚህ አልጽፍም። ይህን ያነበበ ጎረምሳ ጣቱን እንዲያጣ አልፈልግም። ችግሩ ባሩዱ ሲያንስ ቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ መቅረቱ ነው። አባባ ድሮ ሲያወሩ፣ ቀለህ ውስጥ ባዶ ከተተወ ጠመንጃ ይሰነጥቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን ተረት አላውቅም፤ በአባቴ ትከሻ ግን አልሞክረውም።

ክፍተቱን የሚሞላ ቀላል ነገር ያስፈልጋል። ጥጥ? ይቃጠል ይሆናል። ጭድ? አስቀያሚ ነው። የማሽላ ዱቄት በማንኪያ ስቀዳ ደስታ ደረሰችብኝ።

“እህል ልትተኩስ ነው?”

“ትንሽ ናት።”

“ሰው የሚበላውን ነገር ወደ ገደል? አንተ ሰውዬ፣ በልጅህ ሰርግ?”

እውነቷን ነው፤ ነውር ነው። ዱቄቱን መለስኩ። ፉርሽካ ቢሆንስ አልኳት። አሰብ አደረገችና፣ “እሱንስ ከበሬው ጋር ተነጋገሩበት” ብላኝ ሄደች። ፉርሽካ ሆነ።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦ ባሩዱ እርጥበት ነክቶት ይሆን፣ አረሯ ሰፍታ ይሆን፣ አባባ ያውቁብኝ ይሆን።

እሑድ፣ ጥር 17

ዛሬ ለጥቂት ተረፍን።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ፣ ሰይድና ሚሊሻው ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ወረድን። ከፊታችን የአፈር ገደል፣ ከኋላው ማንም የለም። ጠመንጃውን አሮጌ ጎማ ላይ አስረን ቃታውን በሲባጎ ሳብኩ።

“ጡፍ” አለ። በቃ። ሰው ትራስ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማ ዓይነት።

ሰይድ በሳቅ ተንከተከተ። “ሙሽራዋ አትሰማውም፣ ድገመው” አለ። እኔም ልደግመው ሁለተኛዋን ጥይት ይዤ ነበር። ግን ገደሉ ላይ አቧራ አልተነሳም። አረሯ የት ገባች? ራዲያተር ስሠራ ቱቦውን ወደ ብርሃን ይዤ ሳላይ አልዘጋም፤ ልማድ ነው። ጠመንጃውን ከፍቼ፣ ባዶውን ቀለህ አውጥቼ፣ በኋላ በኩል ወደ ሰማይ አየሁ። ጨለማ ነው። አረሯ መሀል መንገድ ላይ ቆማለች።

በላይዋ ሁለተኛዋን ብተኩስ ኖሮ አፈሙዙ እንደ ሸንኮራ ይሰነጠቅ ነበር። ሰርጉ ላይ ቢሆን ኖሮስ፣ በአባባ ጉንጭ ሥር? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ሰይድም ሳቁን አቆመ። አረሯን በዘንግ ገፍተን አወጣናትና ወደ ቤት ተመለስን።

ልተወው ይሆን? ደስታ ተወው ትላለች። ግን ከልክ በላይ ማነሷ እኮ ነው ችግሩ። ልኳ ከዚህ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ አለ።

ሰኞ፣ ጥር 18

አለ።

ቀስ በቀስ ከፍ እያደረግሁ፣ በእያንዳንዷ መሀል ብርሃን እያየሁ ሞከርኩ። ጎማው ላይ እንደታሰረ ነው፤ ልኳን እስካገኝ ያለ ሲባጎ አልተኩስም ብያለሁ። መጨረሻ ላይ ገደሉ አቧራ አወጣ፤ አሁንም፣ አሁንም። ድምፁ ትልቅ የቆርቆሮ በር በኃይል ሲዘጋ ነው የሚመስለው። ጮኸ ይባላል፤ ግን አያናውጥም።

ከዚያ ድፍረት አግኝቼ በትከሻዬ ተኮስኩ። ሰው በወረፋ ላይ በትከሻው ገፋ የሚያደርገኝ ያህል ነው። ሰይድ “አልሐምዱሊላህ፣ በግ ሆነ” አለ። እንደ ልጅ ተደሰትኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ደስታዬ አንድ ቀን አልዋለም።

ጠመንጃውን ስመልስ ጥይቶቹንም ለአባባ ወሰድኩ። አንዷን በግራ መዳፋቸው፣ የራሳቸውን አሮጌ ጥይት በቀኝ መዳፋቸው አደረጉ። ዓይናቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ እጃቸው ግን አልተሸወደም።

“ይቺ ቀላለች። ምን አወጣህባት?”

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ነገርኳቸው።

“ውጅግራዬን አኮላሸኸው” አሉ።

“አንቱ፣ ለሰብለ ብዬ ነው እኮ። ልጅቷ ትደነግጣለች።”

“ዘንድሮ ደግሞ ጠመንጃን ሙሽራ ታዘው ጀመር? ይዘህልኝ ሂድ።”

ለሰብለ ብዬ ነው ማለቴ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ትከሻቸው ላይ ነበር፤ እሱን ምላሴ ላይ አድርሼ ዋጥኩት። ለአባቴ ደክመዋል ብዬ እንዴት ልንገር? ሚኒባስ ውስጥ ጥይቶቹን ኪሴ ውስጥ እየዳበስኩ ተናድጄ መጣሁ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

አባባ ጥይቶቹን እንደመለሱብኝ ለደስታ በሹክሹክታ የነገርኳትን ሰብለ ሰምታለች። ከሥራ አስፈቅዳ፣ ለማንም ሳትናገር ወደ ዋጃ ሄደች። ከሰዓት በኋላ አያቷ የሰጧትን ሽንኩርት በፌስታል ይዛ ተመለሰች። ፊቷ ተፈትቷል።

“ታርቀናል” አለች።

“በምን?”

“የሚያስፈራኝ ድምፁ አይደለም አባዬ። መቼ እንደሚመጣ አለማወቄ ነው። ይህንኑ ስነግራቸው፣ ‘እንግዲያ አንቺ በይ፣ እኔ እተኩሳለሁ’ አሉኝ።”

ቁጭ አልኩ። እኔ ድምፅ ስቀንስ ሰነበትኩ፤ ልጄን አንድም ቀን ምኑ ነው የሚያስፈራሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ባሩድ ለካሁ፣ ፉርሽካ ነፋሁ፣ እርሳስ ወቀጥኩ። መልሱ እቤቴ ውስጥ ከእኔ ጋር እንጀራ ይበላ ነበር።

ከዚያ የባሰውን አመጣችው። “ስለዚህ ትልቋንም እችላታለሁ። የፈለጉትን ይተኩሱ።”

ትልቋ ማለት ያቺ እንደ በቅሎ የምትራገጠው ናት። አሁን ለትንሿ ጥይት ሰበብ የለኝም። ከአንድ ነገር በቀር። በሩን ዘግቼ ስለ ትከሻቸው ነገርኳት። የሽንኩርቱን ፌስታል ስትቋጥር ስትፈታ ቆየች።

“እንግዲያ እኔ ነኝ የምፈራው” አለች።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ከቅዳሴ በኋላ አባባ ግቢ ሄድን፤ ሚሊሻውም አለ። ሰብለ “መጀመሪያ በትንሿ ልልመድ” ብላ ለምናቸው ከአባባ ጎን ቆመች። አባባ ትንሿን ጥይት በሁለት ጣት ይዘው፣ ትል የወጣበት ፍሬ የያዙ ይመስል ፊታቸውን አጨማደዱ። ጠመንጃውን አጎረሱ። እሷ ትንፋሿን ሳበችና “በሉ አባባ” አለች።

ተኮሱ። ከዞብል ተራራ በኩል የገደል ማሚቶው ትንሽ መለሰ። ሰብለ እዚያው ቆማለች። አልተቀመጠችም።

“ይሄ ምኑ ተኩስ ነው?” አሉ አባባ። “አንዷን ደህናዋን ላሰማሽ?”

“ይቅርብኝ አባባ፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ልቤ ይቆማል።”

አባባ ትክ ብለው አዩዋት። “እንግዲህ ሙሽራዋ ካለች” ብለው ጠመንጃውን ሰጡኝ። እኔ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ አየሁ። ሳቄን ይሁን እንባዬን ልደብቅ እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም።

ሰኞ፣ ጥር 25

ሰርጉ አለፈ። ተመስገን። እኔ አባባ ቤት ነው ያደርኩት፤ ይህን የምጽፈው ጠዋት፣ ድንኳኑ እየተነቀለ ነው።

ትናንት ሰብለ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ “በሉ አባባ” አለች፣ አባባ ተኮሱ። እልልታው ተኩሱን ዋጠው። ችግር የመጣው ከአላማጣ ከመጡት የአባባ የድሮ ጓደኛ ነው። ጮክ ብለው፣ “ይሄ ውጅግራ ነው ወይስ የቢራ ክዳን?” አሉ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። አባባ ጠመንጃውን እንደያዙ ቀሩ።

ሰብለ ከነቬሏ ዞር አለች። “እኔ ነኝ አሳንሱልኝ ብዬ የለመንኳቸው። ሙሽራዋ ፈሪ ናት በሉ።” ሳቁ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሙሽራውም ሳቀባት፤ ሰዎቹም ሲያበሽቋት አመሹ። አባባ ተቀምጠው ጠጅ ጠጡ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ውስጥ ጠሩኝ። በሩን አስዘጉኝና ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ትከሻቸው ጠቁሯል፤ በዚያች ትንሽ ጥይት፣ በበጓ። ቫዝሊን ይዤ ቀስ ብዬ አሸሁላቸው። ትልቋ ብትሆን ኖሮስ እያልኩ አሰብኩ። ልናገር ስል ቀደሙኝ።

“ልጅቷ አልፈራችም” አሉ። “ያን ለት፣ የማርያም ዕለት፣ አጠገቧ ነበርኩ። ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም።”

እጄ ትከሻቸው ላይ ቆመ።

“እንዳወቅሁ አትንገራት” አሉ።

እሺ አልኳቸውና ማሸቴን ቀጠልኩ።