ሁለቱ መሰለች

አፉላ፣ ጥቅምት 1999 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽና ልጆችሽስ እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱ በሰላም ወጣላችሁ? እኔ የእስራኤል አምላክ ይመስገን፣ ናፍቆትሽ ካልሆነ ምንም አላመመኝም። ደብዳቤ ካቋረጥኩብሽ ሰባት ወር ሆነኝ። ስንፍና እንዳይመስልሽ፤ የምጽፈውን ስለማውቅ እጄ እንቢ ብሎኝ ነው። ዛሬ ግን ቆርጬ ተቀምጫለሁና ሳልጨርስ አልነሣም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሥራዬ ነው። አፉላ ኢሊት በሚባለው ዳገታማ ሰፈር ያሉ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ የእኛ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ምን እንደጎደላቸው እየዞርኩ እመዘግባለሁ። የቀጠረኝ ማኅበር ላፕቶፕ ሰጥቶኛል፤ እሱን በብብቴ ይዤ ደረጃ ስወጣና ስወርድ እውላለሁ። ሐሙስ ሐሙስ መሀል ከተማ ወዳለው ቢሮ እወርድና ላፕቶፑን ኢየሩሳሌም ካለው ዋና መዝገብ ጋር አገናኘዋለሁ። እነሱ ሲንክሩን ይሉታል፤ እኔ ማስታረቅ እለዋለሁ። የእኔ መዝገብና ዋናው መዝገብ ተያይተው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ረዳት የሚላከው ዋናው መዝገብ ላይ ስሙ ለተገኘ ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ላፕቶፑ ሲያስታርቅ አንድ አመል አለው። ተመሳሳይ ሰው ያገኘ ሲመስለው፣ “ይህ ሰው ቀድሞ ተመዝግቧል፤ አንድ ላድርጋቸው?” ብሎ ይጠይቃል። አለቃዬ ሜራቭ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ጥድፊያ ነው ያለባት። ሁሉንም አዎ እያልሽ እለፊ አለችኝ። እኔም እሺ ባይ ነኝና አለፍኩ።

የእኛን ሰው ደግሞ ታውቂዋለሽ። የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ የለም። አዝመራውን አንበጣ የበላው ዓመት ነው የተወለድኩት ቢለው ጸሐፊው ምን ያድርግ? ወደዚህ ሲገቡ ሁሉንም ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፋቸው። ልደታችንን እንደግስ ቢሉ ድንኳን አይበቃቸውም። የመታወቂያ ቁጥር ስጠይቃቸው ደግሞ ፈሩ፤ ቁጥሩን የሰጠ ሰው ምን እንደሚመጣበት አይታወቅም አሉኝ። አልጠይቃችሁም ብዬ ቃል ገባሁ። እንግዲህ ሰውን ከሰው የሚለየው ስምና ልደት ብቻ ሆነ።

ባለፈው ወር ዓይነ ስውሯ እማማ መሰለች ታደገ ቤት ጎራ አልኩ። ረዳት ትመጣልዎታለች ወይ ብላቸው ማንም መጥቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ሻይ ሲያፈሉ እጃቸው ተቃጥሏል፤ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለውታል። ቢሮ ወርጄ ብፈልጋቸው ዋናው መዝገብ ላይ የሉም። ያሉት አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሌላዋ መሰለች ታደገ ናቸው፤ እሳቸውም ጃንዋሪ አንድ። ለካ አንድ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው አለ፤ ዋናው መዝገብ ላይ መቶ ሰማንያ ሰባት። ሃያ አምስት ሰው በጣቴ አጥፍቻለሁ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

ሜራቭ ጊዜው አልፏል፣ ለከርሞ ይታረማል አለች። እጅ ለከርሞ አይቃጠልም ብዬ እንቢ አልኳት። ዐሥራ አንድ ቀን በየበሩ እንደገና ዞርኩ፤ የአያት ስምና የቤት ቁጥር ጨምሬ ጻፍኩ። ሐሙስ ዕለት አስታረቅሁት። ያ ጥያቄ በመጣ ቁጥር አይደለም፣ አይደለም እያልኩ ሃያ አምስት ጊዜ መለስኩ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱም ገቡ።

ከዚያ እማማ መሰለች ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። የመለሱልኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

“ልጄ፣ አንቺ ሳታውቂ ነው። ያችኛዋም ሳታውቅ ነው። አውቆ ዝም ያለ ካለ ግን እሱን እግዜር ይጠይቀው።”

እህት ዓለሜ፣ አውቄ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ። ያን ቀን አዲስ አበባ፣ አንቺ ሐኪም ቤት ተኝተሽ ወደ እስራኤል የሚሄዱት ስም ሲጠራ፣ የእኔ ስም ዝርዝሩ ላይ አልነበረምና አባባ ትከሻዬን ገፋ አድርጎ አቤት በይ አለኝ። አቤት አልኩ። ማመልከቻሽ ሦስት ጊዜ ሲመለስ ወረፋው ረጅም ነው እያልኩ ጻፍኩልሽ። ወረፋ አልነበረም። እዚህ መግቢያ የሚፈቅደው ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ጸሐፊዋ መዝገቡን አይታ፣ ይህች ሴት ቀድማ ገብታለች አለችኝ። አባባ ነፍሱን ይማርና ሁለታችሁንም እንዳላጣ ዝም በይ ይለኝ ነበር። እሱ ካረፈ ግን ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ የራሴ ነው፤ አፍሬበታለሁ።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነውና፣ ጠዋት እዚያው ቢሮ ቀጠሮ ይዣለሁ። አዳሙና ምንይሹ፣ የአገር ቤት ጎረቤቶቻችን፣ ለአባባ ሁለት ሴት ልጆች እንደነበሩት ሊመሰክሩ አብረውኝ ይመጣሉ። ሥራዬን ቢወስዱብኝ ይውሰዱ፤ መታወቂያዬንም ቢነጥቁኝ ይንጠቁኝ። ሁለት ነን ብለው ሳይጽፉ ከዚያ ወንበር አልነሣም።

አምላክ ደጅ ከመጥናት ያውጣሽ። የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። እኔንም ፊትሽን ሳላይ አይውሰደኝ።

እስከ ዛሬ የምልክልሽ በመንገደኛ እጅ ነበር። ይህን ግን በፖስታ ቤት እልከዋለሁ፤ እዚያ ደግሞ ላኪው በመታወቂያው ላይ ያለውን ስም ይጽፋል። ፖስታውን መልሰሽ እዪው። የላኪውና የተቀባዩ ስም አንድ ሆኖ ብታገኚው፣ ጸሐፊው ተሳስቶ አይደለም።

ታናሽ እህትሽ