ቲቪው ሥር የቀረው መሰኪያ

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አምቦ

ዛሬ የወንድሜን የቶሌራን ጥርስ ሰበርኩ። ጌዶ ከተማ ለማስተማር ስለተመደበ ዕቃ እየተካፈልን ነበር። ስምምነታችን በእጅ የሚያዝ ለሚሄደው፣ የቤት ዕቃ ለሚቀረው ነው። አብረን የገዛነውን፣ በራሱ ስክሪንም ቲቪ ላይ ተሰክቶም የሚሠራውን የጌም መጫወቻ ሻንጣው ውስጥ ከተተው።

«በእጅ ይያዛል፤ የኔ ነው» አለኝ።

«ቲቪ ላይ የሚሰካ የቤት ዕቃ ነው!» ብዬ ጎተትኩት። በክርኑ አፍንጫዬን ደቆሰኝ። እኔም ጌሙን ከቲቪው የሚያገናኘውን፣ ጡብ የሚያህል መሰኪያ አንስቼ አፉን መታሁት። አከራያችን ኦቦ ደበላ በኦሮምኛም በአማርኛም «ዲሳ! ተዉ!» እያሉ ባይገቡ እገድለው ነበር። መጻፉ ያስፈራል፤ ግን እገድለው ነበር።

ደም እየተፋ፣ ጌሙን ይዞ ወጣ።

የመሰኪያውን ደም ጠርጌ ቲቪው ሥር መለስኩት። ጌሙ ያለ እሱ ይሠራል። እሱ ያለ ጌሙ አይሠራም።