«ፍርድ ቤት የለም» ላሉኝ ጸሐፊ፣ ስለ ጭቃው ወር

ይድረስ ለተከበሩ የሁለቱ አገሮች የንግድ ክርክር ጉባኤ ዋና ጸሐፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ በሰሜን ሜይን ሁለቱን አገሮች በሚለየው ወንዝ ዳር ያለን ሰዎች፣ የዘንድሮው በረዶ ቶሎ ቢጀምረንም ደህና ነን። እንዲያውም ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ደስታው አላስቀምጥ ስላለኝ፣ ምስጋናዬን አገር ይስማው ብዬ በጋዜጣ ጻፍኩልዎ።

ምናልባት ካልረሱኝ ሎሬት ሚሾ ነኝ፤ ከባለቤቴ ከሮዜር ጋር ሠላሳ አንድ ሰው የሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ያለኝ። የእርስዎ አምስት ሰዎች፣ እዚህ ማንም ያልመረጣቸው፣ ከወንዙ ማዶ በሚገባው ጣውላ ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሡ፤ እኛም ሁለተኛውን ፈረቃ ዘጋን። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፦ እንዲህ ያለውን ጉባኤ ሕገ መንግሥታችን ይፈቅዳል ወይ ብሎ የሚመረምር ዳኛ የት አለ?

እንግዲህ ቅሬታዬን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስደውልልዎ «እመቤቴ፣ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ፍርድ ቤት የለም» አሉኝ። እኔ ግን አመሌ ሆኖ አላመንኩዎትም። ለመሬት ወሰን ክርክርም ለውሻ ንክሻም እንደለመድነው፣ አቤቱታዬን ይዤ ወረዳው ፍርድ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት የምትሠራው ኢቬት፣ አብራኝ የተማረች ናት፣ ስቃብኝ ስታበቃ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ እዚህ አይታይም» ብላ ሕጉን አወጣችልኝ። አንድ ፍርድ ቤት አለ፤ ዋና ከተማው ያለው ይግባኝ ሰሚው። ጉዳዩ መዘጋቱ በታወጀ በሠላሳ ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። የቀረን ዘጠኝ ቀን ነበር።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩ መዘጋቱን የሚያውጀውን ማስታወቂያ ያወጡት በሚያዝያ ነው፤ በስልክም «በዚህ ወር ሰዎቻችሁ ያርፋሉ አይደል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። በሌላ ወር ቢሆን ግንድ ቆራጩም ሾፌሩም ጫካ ለጫካ ተበትኖ፣ አንዱን ሳገኝ ሌላው ይጠፋኝ ነበር። በጭቃው ወር ግን በረዶው ቀልጦ መንገዱ ስለሚጨቀይ ከባድ መኪና መንገድ ላይ መውጣት ይከለከላል፤ ሁሉም መሰንጠቂያው ውስጥ ተሰብስቦ ካርታ ይጫወታል። ከመሬት ወሰን ክርክር በቀር የማያውቀው ጠበቃችን ሌቪት፣ ከእያንዳንዱ ተጎጂ ቃለ መሐላ ያስፈልገኛል አለ። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፕሎይ የሚባለውን ቂጣችንን በቅቤ እየበሉ፣ ሠላሳ አንዱም ማሉ፣ ፈረሙ። መዝገቡ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ተከፈተ።

ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም ብለው ስድስት ወር ተከራከሩ። ከማዶ የሚሠራው የሮዜር ወንድም አርማንድ በየሳምንቱ እየደወለ፣ እናንተ ዳኛ ስትፈልጉ እኛ ጣውላችንን ሸጠን ጨረስን እያለ ሲቀልድብን ከረመ። ትናንት ሦስቱ ዳኞች «ሥልጣኑ አለን፤ እናየዋለን» ሲሉ ግን ደወለና፣ «እኔ ራሴ እነዚያን አምስት ሰዎች ማን እንደመረጣቸው አላውቅም እኮ» አለኝ።

ገና አላሸነፍንም፤ ይህን አውቃለሁ። ልንሸነፍም እንችላለን። የምንሸነፈው ግን የለም ባሉኝ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ዳኛ ፊት ቆመን ነው።

ለሰጡኝ ትምህርት ዕድሜ ልኬን የማመሰግንዎ፣ ከደጅዎ የማልጠፋ አክባሪዎ፣
ሎሬት ሚሾ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክርክሩ የሚሰማው በሚያዝያ ነው ተብሏል። ያው እንደሚያውቁት በዚያ ወር እናርፋለን፤ ስለዚህ ሠላሳ አንዳችንም እንመጣለን። ጫማችንን በር ላይ ለመጥረግ እንሞክራለን።