ንፋስ ደረጃ ወጣ

ለማትጠገቢው ልጄ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

ውሻሽ ንፋስ የኋላ እግሩን መጎተት ጀምሮ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ፣ «የዳሌው መጋጠሚያ ላልቷል፤ ግን ያለ ቀዶ ጥገናም ሊሻለው ይችላል። ክብደት ይቀንስ፣ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ወለሉ አያንሸራትተው፣ ደረጃ ይቅርበት» አለን። አባትሽ ይህን ሰምቶ ቤቱን ሁሉ ምንጣፍ አለበሰው። ትዝ ይልሻል፣ አንቺና ንፋስ በዚያ ወለል እየተንሸራተታችሁ በር ስትከፍቱለት? እሱም ቦርሳውን ጥሎ፣ እሽኮኮ አድርጎሽ ደረጃውን በሩጫ ይወጣው ነበር።

አሁን «ውሻው ብቻውን እንዳይከፋው» ብሎ የራሱን አልጋ ወደ ታች አስወርዷል። ጠዋት ጠዋት አብረው እስከ ሱቁ ይሄዳሉ፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ እንጃ።

ደስ የሚለው፣ ንፋስ ከሳ፣ እግሩም ጠናለት። ትናንት ሳናየው ደረጃውን ወጥቶ እግሬ ሥር ተጋደመ። «ንፋስ እኮ ወጣ፤ አንተም ና እንጂ!» ብዬ ተጣራሁ። አባትሽ ከታች የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ሳቀ። «ኧረ ተይኝ፣ ምንጣፉ ለምዶኛል» አለ።

አልጋውን መልሶ የሚያወጣ ሰው እስካሁን አልጠራም።

በይ ደህና ሁኚልኝ፤ መንገዱን ያቅርብልሽ። ስትመጪ አባትሽ ላይ እንደ ድሮው ዘለሽ አትጠምጠሚበት፤ ቀስ ብለሽ እቀፊው። ንፋስንም እንዲሁ።

እናትሽ