የዳኒ ሦስት ዲስኮች

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳኒ፣ ምን ነበረበት አንድ ቀን ቁጭ አድርገህ ብታሳየኝ? የቀረጽከውን ሰርግ ሁሉ ሦስት ዲስክ ላይ በታትነህ፣ «አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ይበቃሉ» አልከኝና በዚያው ቀረ። ለቀስተኛው መቀመጫ ሲያጣ የዕድር ሰዎች ክፍልህን ባዶ አደረጉት። ኮምፒውተርህን እንኳ ሳያጠፉ ተሸክመው ሲወጡ ደጃፉ ላይ ወደቀባቸው። ማንን ልቆጣ? ለአንተው ብለው ነው።

እማዬ የምትፈልገው ድምፅህን ብቻ ነው።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ዲስኮቹን ፒያሳ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኳቸው። አንዱን ሰክቶ፣ «ባዶ ነው ጀለሴ፣ ፎርማት ላድርግልህ?» አለኝ።

«የተሠራው በዊንዶውስ አይደለም፣ በሊኑክስ ነው! አንዱ ዲስክ ለብቻው አይነበብም!» አልኩት።

«ታዲያ ፈረንጅ ጥራ» ብሎ ሳቀ። ነጥቄው ወጣሁ።

ዛሬ አክስቶቻችን ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ እማዬም ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከሞትክ ወዲህ ብቻዬን ያሳለፍኩት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ከወደቀ ወዲህ ቋ ቋ የሚለውን ዲስክ ትቼ ሁለቱን ኮምፒውተርህ ላይ መልሼ ሰካሁ። ምንም እንዳይጻፍባቸው ለንባብ ብቻ ልከፍታቸው ብል እምቢ አሉ። ተሳደብኩ። ለካ አንዱ ገመድ ላልቷል። በእጄ ደግፌ ስይዘው ተከፈቱ።

እኔ የረዳሁህ የአፍንጮ በሩ ሰርግ መጣ። ሙሽሮቹ ገና አልገቡም። ከካሜራው ጀርባ አንተ ትጮኽብኛለህ፦ «አንተ ልጅ፣ ገመዱን አትንካ አልኩህ!»

ደንግጬ ለቀቅኩት። ምስሉ ቀጥ አለ።

ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እንደገና እንድትቆጣኝ።