ያልተከፈተው ብልቃጥ

ሮም፣ ፒኜቶ፤ መጋቢት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

አስቀድሜ አንድ ነገር ላርም። ሃይማኖቷን ለውጣ የሕንድ እምነት ገባች ብለው የነገሩሽ ሐሰት ነው። በሁዳዴ ቅቤ ትጠጣለች ማለታቸውም ሐሰት ነው። ማእድ ቤት ብልቃጡን አይተው ነው ያወሩት። ቅቤው አለ፤ አልጠጣሁትም።

ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከእጄና ከእግሬ በቀር ደኅና ነኝ።

መዳፌና ውስጥ እግሬ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ፕሶርያዚ የሚባል የቆዳ በሽታ ነው ይሉኛል፤ ወደ ሰው አይተላለፍም። የሆስፒታሉ ቅባት አልረዳኝ ሲል፣ አብራኝ የምትኖረው አብረኸት ኤስኲሊኖ ሰፈር ወዳለች የአዩርቬዳ፣ የሕንዶች የባህል ሕክምና፣ ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሟ ከመራራ ቅጠል ጋር የተነጠረ ቅቤ በብልቃጥ ሰጥታ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ እንድጠጣ አዘዘች። ከፋሲካ በኋላ እጀምራለሁ ብላት፣ ሲኞራ፣ ቁስሉ የእናንተን ፋሲካ አይጠብቅም አለችኝ።

አልጠበቀም። ባለፈው ሳምንት የማስታምማቸውን አሮጊት ሳጥብ ደሜ አንሶላው ላይ ታየ። ልጃቸው ዳኒዬላ፣ እጅዎ እስኪድን እናቴን አይንኩ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልዳነ ሌላ አስታማሚ፣ ሌላ ባዳንቴ እቀጥራለሁ አለች።

አብረኸት፣ እትዬ፣ መላእክት ብልቃጥ አይፈትሹም፣ ዝም ብለው ይጠጡ እያለች ትቀልድብኛለች። እኔ ግን የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። ልጄ፣ የታመመ ጾም የለበትም፤ ጠጪ አሉኝ። መልሳቸው ይኸው ነው፤ ከዚህ አልረዘመም።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ወንድማችን ተኪኤ ትዝ አለኝ። በዚያ በሞተበት ሁዳዴ ሰባት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖት ነበር። አንቺ ከጓዳ ወተት እየሰረቅሽ ስታጠጪው ያ ብርቱ ሳሉ ረገብ ብሎለት ነበር። የወተቱን ነገር ለአባባ የነገረችው ሠራተኛችን ለተንኪኤል አይደለችም፤ በከንቱ ተባረረች። ሰባት ዓመት ያለፈው ልጅ መጾም እንዳለበት ከትምህርት ቤት ተምሬ መጥቼ ለአባባ የነገርኩት እኔ ነበርኩ፤ አባባም ወተቱን ከለከለው። አባባ ለፋሲካ ያረደውን በግ ሁለታችንም አልቀመስንም።

ቅቤውን ብጠጣ እሱም ወተቱን መጠጣት ነበረበት ማለት ነው። ብልቃጡ ሳይከፈት አሥራ አንድ ቀን የቆየው ለዚህ ነው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጆችሽን ያቆይልሽ። ከእንግዲህ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም።

ነገ ስነሣ መጀመሪያ ምድጃውን ለኩሼ ቅቤውን አቀልጣለሁ። ቁስሌን የምሸፍንበትን ጓንት አወልቃለሁ። የተኪኤን ስም እጠራለሁ። ከዚያ እጠጣለሁ።

ታላቅ እህትሽ